ከሚስማር ተራ ሥር

ሱቄ ጣሪያ የለውም፤ ጣሪያዬ ሰው ነው፣
በእግሩ ድምፅ ብቻ ስሜቱን የማውቀው።
ሃያ ሁለት ዓመት ከሚስማር ተራ ሥር፣
ስጠግን፣ ስጠቅም፣ ማሊያ ላይ ቁጥር ስደረድር፣
አንዲት ጨዋታ እንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤
ማን እንዳሸነፈ ግን ሰው እስኪነግረኝ አልጠብቅም።

አቧራው ይነግረኛል።
ከኮንክሪቱ ስንጥቅ በስሱ ሲነፋ፣
ኳሷ መሐል ሜዳ ባለቤት አጥታ ነው ስትለፋ፤
በእፍኝ ሲራገፍ፣ ሳጥን ውስጥ ገብታለች፤
ጭራሽ ካቆመ ግን፣
ፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ ነጥቧ ላይ ተቀምጣለች።

ዛሬ የዋንጫ ቀን።
ከለገሃር እስከ መስቀል አደባባይ መንገዱ ለሁለት ተቀዷል፤
ግማሹ ቢጫ ለብሷል፣ ግማሹ ወይን ጠጅ ነክሯል።
ረዳቱም «ስታዲየም! ሁለት ሰው!» ቢልም፣
የሱን ቀለም ላልለበሰ በሩን አይከፍትም።

እኔ ቢጫ ነኝ፤ በላዬ የሚዘለው ወይን ጠጅ ነው ሁሉ።
ደስ ባላቸው ቁጥር የሚረግፈው የኔ ነው አምፖሉ።
ተሸንፌ ሳበቃ፣ አምፖል እገዛለሁ ከገዛ ኪሴ፤
ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እስከ ዛሬ ለራሴ።

ሽኩርም ወይን ጠጅ ነው።
ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ እሱ ጫማ ይሸጣል፤
ልጄ በሌሊት ስትታመም አዝሎ ጥቁር አንበሳ አድርሷታል።
ግን በዚያች ዋንጫ፣ በጭማሪው ሰዓት፣
«ደረቱ ነው!» አለኝ። «እጁ ነው!» አልኩት።
በቃ። ሦስት ዓመት ከሰባት ወር።
(እኔ አላየሁም። ከሱም ፊት ጃንጥላ ነበር።)
በመሐላችን ሻይ የምንቀባበልባት ሽንቁር ነበረች፤
እሱ ካርቶን ለጠፈባት፣ እኔ ሚስማር መታሁባት፤ ጨለመች።

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ እንደሆነ ከደጅ ሎተሪ አዟሪው ነገረኝ፤
ቀና ስል አቧራው የለም። የጣሪያዬ ዝምታ አስፈራኝ።
ሲንጀሬን አቆምኳት፤
መርፌዋን ከዘጠኝ ቁጥር ሆድ ሳልነቅል ተውኳት።
ፍጹም ቅጣት ምት።
ግን ለማን? ይህን አቧራ አይናገርም፤
ዝምታ ቀለም የለውም።

ያን ጊዜ በሩ ተገፋ።
ሽኩር ነው፤ ስካርፉን እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጠመዘዘ፣
ጉልበቱ ሲከዳው የባንኮኒዬን ጠርዝ ያዘ።
«ማየት አልቻልኩም» አለ። «ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ ሐኪሙም…» አልጨረሰው።
ስድብ ነበር ያዘጋጀሁት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለዚህ ሰው፤
«ቁጭ በል» አልኩት።
ዋንጫ ከየት ላምጣ? በላስቲክ ኩባያ ውሃ ሰጠሁት።
ግማሹ ማሊያው ላይ ፈሰሰ።

ጎን ለጎን ቀና አልን፤
እኔ አቧራውን፣ እሱ እኔን።

«ገባ!»

ከማዶ ነው፣ ከካታንጋ። ምድሩ እንደ ከበሮ ቆዳ ሲርገበገብ ተሰማኝ፤
የኔ ጣሪያ ግን አንዲት ቅንጣት እንኳ አላራገፈችልኝ።
ይህች ነበረች የጠበቅኳት፤ ዘልዬ ኮንክሪቱን በጡጫ ልመታ የማልኩላት፤
ኩባያዋን ይዤ ነበር። ቀስ ብዬ ሞላኋት።
ገባ፣ ይላል ሕዝቡ። እውነቱን ነው፣ ገባ፤
ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ደጄን ያልረገጠ ሰው፣ ሳልጠራው ገባ።

ሽኩር ፊቴን አነበበው።
«የለም?» አለኝ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።
«የለም።»
ከላይ ጫማዎች ወደ ደረጃው መውረድ ጀመሩ፣
ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው፣ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ።
ከብዙ ዝምታ በኋላ፦
«የዚያን ጊዜዋ ግን…» አለ።
«ደረቱ ነው» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ወይም እውነቴን። እኔ መቼ አየሁና!

ስካርፉ፣ እንደዚያ ሲጠመዝዘው፣ ጫፉ ተተርትሯል።
ተቀበልኩት። ዘጠኙን ነቅዬ እሱን ከመርፌዋ ሥር አስገባሁ።
«ወይን ጠጅ ክር የለኝም» አልኩት፤ «ያለኝ ቢጫ ነው።»
«ስፋው» አለ። «ማን ያየዋል?»